ከላቫጆ ሥራችን የተማርነው፦ ቅሬያችን ማሽን ከመግዛቱ በፊት

(በቅሬያችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




እኛ ንግግር አዋቂዎች አይደለንም። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ሥራችን ከመንገድ ዳር ቆሞ የሰው መኪና ማጠብ ነው። እጃችን እንጂ አፋችን አልሠለጠነም፤ ቃላችን ቢደነቃቀፍ ቅር አትሰኙብን።

እንድንናገር የተጠየቅንበት ምክንያት የሚከተለው ነው። ባለፈው የወር ስብሰባ አንዳንድ አባላት ቅሬያችን ከተቀማጩ ላይ አውጥቶ የግፊት ማጠቢያ ማሽን ይግዛ የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር። ማሽኑ ድንኳኑን፣ ምንጣፉንና ድስቱን ያጥባል፤ ለቅሶ በሌለበት ቀን ደግሞ እየተከራየ ገቢ ያስገባል ነው ነገሩ። ኮሚቴው «ከመወሰናችን በፊት በሥራው የቆዩትን እንስማ» አለ። እኛም የምናውቀውን፣ ይልቁንም ያጠፋነውን ልንናገር መጣን።

አምስት ሆነን ተደራጅተን ሥራውን የጀመርነው በ2009 ዓ.ም ነው። የሥራው ስም ራሱ እንግዳ ነው፤ ላቫጆ የምንለው ከጣሊያኖች የቀረልን ቃል ነው፤ ባልቦላና ግራሶ፣ ጎሚስታና ፍሬን እንደ ቀሩልን ሁሉ። ማሽኑን በተመለከተ፣ በአውሮፓ የመጀመሪያውን የሙቅ ውሃ የግፊት ማጠቢያ የሠራው ካርቸር የተባለው የጀርመን ኩባንያ ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1950 ነበር። እኛ የገዛነው ግን የእሱን አይደለም። ከደሴ ገበያ ያገኘነው፣ ስሙ ከቀፎው ላይ ተፍቆ ያለቀ፣ በቤንዚን የሚሠራ ያገለገለ ማሽን ነበር።

ያን ጊዜ የነበረን እምነት አንድ ብቻ ነበር፤ ኃይሉ የበዛ ማሽን አብልጦ ያጸዳል የሚል። ዛሬ የምንነግራችሁ አብዛኛው ነገር ይህ እምነት ያስከፈለንን ዋጋ ነው።

ሻጩ «200 ባር ይሰጣችኋል» አለን። ባር የግፊት መለኪያ ነው፤ የቤት መኪና ጎማ የሚነፋው ከ2 እስከ 3 ባር፣ የከባድ መኪና ጎማ 8 ባር ገደማ ነው። እንግዲህ 200 ምን ያህል እንደሆነ ገምቱት። ደስ ብሎን ጭነን መጣን። እዚህ አስነሥተን ብንሞክረው ግን ሻጩ ያሳየን ኃይል የለም። ተታለልን ብለን ብዙ ተቆጣን። ኋላ ላይ አንድ መካኒክ ሲያስረዳን ጥፋቱ የሻጩ ብቻ አልነበረም። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ሞተር ደግሞ ቤንዚኑን የሚያቃጥለው በአየር ነው፤ በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ ከመቶ 3 ያህል ያጣል። በባሕር ጠረፍ 10 የፈረስ ጉልበት የነበረው እኛ ዘንድ ሲደርስ 7 ተኩል ቢሆን ነው። ስለዚህ እዚህ አገር ማሽን የሚገዛ ሰው ከወረቀቱ ላይ አንድ አራተኛውን ቀንሶ ያስብ።

ሁለተኛው ጥፋት ከዚሁ የመጣ ነው። ፓምፕ ውሃ የሚስበው ጎትቶ ይመስለን ነበር። እውነቱ ግን ውጭ ያለው አየር ውሃውን ገፍቶ ማስገባቱ ነው። በባሕር ወለል ላይ አየር ውሃን እስከ 10 ሜትር ወደ ላይ ይገፋል፤ እኛ ጋ 7 ሜትር ተኩል አካባቢ ነው፤ ያውም በሒሳብ ነው፤ በሥራ ላይ ግማሹም አይገኝም። እኛ ይህን ሳናውቅ ማሽኑን ከጉድጓዱ አፍ ላይ አስቀምጠን ውሃውን ከ4 ሜትር ጥልቀት ሳብ አልነው። ፓምፑ ጠጠር የሚቆረጥም ይመስል ይንኳኳ ጀመር። እኛ ደግሞ ድምፁን የኃይል ምልክት አድርገነው፣ «ስማው እንዴት እንደሚያገሣ!» እንባባል ነበር። በሁለት ወር ውስጥ የፓምፑ የላስቲክ ቀለበቶችና ባልቦላዎች አለቁ። የበላነው ትርፍ ሁሉ ወደ ደሴ ለጥገና ተመለሰ።

ዛሬ እንዲህ አናደርግም። በርሜሉ ከማሽኑ ከፍ ብሎ በድንጋይ ካብ ላይ ይቀመጣል፤ ውሃው በራሱ ወርዶ ይገባል። መጀመሪያ በባልዲ ነበር የምንሞላው፤ ከዚያ ሮቶ ገዛን። በሮቶው መውጫ ላይ ማጣሪያ አለ። በክረምት ውሃው ሲደፈርስ ማጣሪያው በቀን ሁለት ጊዜ ካልታጠበ ማሽኑ ውሃ ይጠማዋል፤ የተጠማ ፓምፕ ደግሞ ራሱን ይበላል። ውርጭ በሚጥልባቸው ሌሊቶች ውሃውን ከፓምፑና ከጎማው ጨርሰን አፍስሰን እናድራለን፤ ውስጡ ያደረ ውሃ በረዶ ሆኖ ቀፎውን ይሰነጥቃልና።

«ታዲያ በመብራት የሚሠራውን ለምን አትገዙም?» የሚሉን አሉ። አለን እኮ፤ ሁለተኛው ማሽናችን እሱ ነው። ጸጥ ያለና ወጪው ዝቅ ያለ ነው። ነገር ግን መብራት ሲጠፋ ሥራ ይቆማል፤ ቀጭን ሽቦ ከሩቅ ዘርግታችሁ ብታሠሩትም ሞተሩ ይቃጠላል። የቤንዚኑን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቀን እንለምናችኋለን። ዝናብ መጣ ብላችሁ ቤት ውስጥ ወይም በድንኳን ውስጥ እንዳታስነሡት። ጭሱ ከተዘጋ ቤት ውስጥ እንደሚነድ ከሰል ነው። ከሰል በዘጋ ቤት ምን እንደሚያደርግ ለቅሬ ሰው መንገር አያስፈልግም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ብዙ ሰው ክረምት የላቫጆ መኸር ይመስለዋል፤ ለእኛም መስሎን ነበር። ከወግዲና ከከላላ በኩል የሚመጣ አይሱዙ ሆዱ ሙሉ ዋልካ ነው፤ ነገር ግን ሾፌሩ «ነገም ያው ጭቃ ነው» ብሎ ያልፈናል። ገበያው የሚደምቀው ዝናቡ ካቆመ በኋላ ነው፤ መስከረም፣ የጥር ሠርግ፣ ሁለቱ ኢዶችና መውሊድ። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ በከተማችን ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ባጃጁ በዝቶልናል። እግዚአብሔር ይስጠው፣ ባጃጅ ትንሽ ይከፍላል፣ ግን አይጠፋም።

ዋልካን የሚያውቅ ገበሬ ነው። ደርቆ ከያዘ እንደ ሲሚንቶ ነው። እኛ በጉልበት ልንነቅለው ማሽኑን አስጠግተን ስንገርፈው የጭቃው ጠርዝ ብቻ ይፈነጠርና የመኪናው ቀለም አብሮ ይነሣል። አንዴ የሰው ቀለም ልጠን የሳምንት ገቢያችንን ከፍለናል። ዋልካ የሚለቀው በጊዜ ነው። አርሱት፤ ተዉት፤ ሻይ ጠጡ፤ እንደገና አርሱት። ያን ጊዜ ራሱ ይወርዳል። ሳሙናው ከታች ወደ ላይ ይቀባል፤ ከላይ ከተጀመረ በደረቁ ብረት ላይ የሚወርደው አረፋ መስመር እያበጀ ይደርቃል። ማለቅለቁ ግን ከላይ ወደ ታች ነው። ጭቃው ሳይወርድ በጨርቅ ማሸት ደግሞ ቀለሙን በአሸዋ መፈተግ ማለት ነው።

ከኃይል የተነሣ ያበላሸነው ብዙ ነው። የራዲያተሩ ስስ ቅጠሎች ይታጠፋሉ፤ ያን ጊዜ መኪናው አቀበት ላይ ይፈላል። የጎማ ጎን በቅርብ ከተመታ ውስጡ ይጎዳል፤ ጉዳቱ የሚታየው በሌላ ቀን፣ ምናልባትም በቁልቁለት ላይ ነው። ከሥር ያለው ግራሶ ታጥቦ ስለሚወጣ ያልተቀባ መኪና ሲንሲጥ ይሄዳል። ሌላም ልማድ ነበረን፤ ሾፌሮች ወደውት ሻንሲው ላይ ናፍጣ እንረጭ ነበር። ያብለጨልጫል፤ ዳሩ ግን ላስቲኩን ያሳብጣል፣ አቧራም ይሰበስባል። አቁመናል።

የድንኳኑን ነገር ደግሞ ሳንናገር አናልፍም። በ2010 ዓ.ም ክረምት የቅሬያችን ትልቁ ድንኳን ሻግቶ «እናንተ ማሽን አላችሁ፣ እጠቡልን» ተባልን። በነፃ ነው ብለን ኮራን። መሬት ላይ ዘርግተን በሙሉ ኃይል መታነው። ሻጋታው ጠፋ፤ ነጭ ሆነ፤ ሁላችሁም አመሰገናችሁን። ከሦስት ሳምንት በኋላ ለቅሶ ላይ ዝናብ መጣ። ድንኳኑ እንደ ወንፊት በሐዘንተኞቹ ላይ አፈሰሰ፤ አንድ ስፌትም ተተረተረ። የሸራ ድንኳን ውሃ የማያስገባው ሲሠራ በተነከረበት ሰምና በክሩ ጥብቀት ነው፤ እኛ ሰሙን አጥበን ክሩን አላልተነው ነበር። ያን ቀን ማንም ቀና ብሎ አላየንም፤ ከስድብም ይከብዳል። ባና ይዘው የመጡም ነበሩ። የደጋ ሱፍ ለብዙ ዘመን የሚያሞቅ ነገር ነው፤ በግፊት ውሃ ሲመታ ግን ይጠቀለልና ይኮማተራል። የአንዲት እናታችንን ባና ለልጅ ብቻ የሚበቃ አድርገንባቸዋል። እዚህ አሉ፤ ዛሬም ይቅር በሉን።

እነዚህ ሁሉ በገንዘብ ወይም በይቅርታ የሚከፈሉ ናቸው። የሚቀጥለው ግን አይከፈልም።

ከአምስታችን አንዱ ያን ጊዜ 19 ዓመቱ ነበር። ዛሬ እዚህ ተቀምጧል፤ እንድንናገርም የፈቀደው ራሱ ነው። ኅዳር 2011 ዓ.ም ነው። የውሃ መርጫው እጀታ ካልተጫነ ውሃ አያወጣም፤ ቀኑን ሙሉ ሲጫኑት ደግሞ እጅ ይዝላል። ስለዚህ «ብልሃት» ብለን መጫኛውን በሽቦ አሰርነው። ያሰርነው ሁላችንም ነን፤ የአንዱ ሐሳብ አይደለም። በመርጫው ጫፍ ላይ ያደረግነው ቀዩን ነበር። ጫፎቹ በቀለም ይለያሉ፤ ቀዩ ውሃውን እንደ ወስፌ ቀጥ አድርጎ ያወጣል፤ ቢጫው 15፣ አረንጓዴው 25፣ ነጩ 40 ዲግሪ ይበትነዋል፤ ጥቁሩ የሳሙና ነው። እኛ ኃይል ወዳዶች ስለነበርን ሁልጊዜ ቀዩን ነበር የምንወደው።

ጫፉ በአሸዋ ተደፈነ። ልጁ መርጫውን ወደ ራሱ አዙሮ በግራ እጁ አመልካች ጣት ይጠርገው ጀመር። ሌላችን ደግሞ ጀርባችንን ሰጥተን ሞተሩን አስነሣን። መጫኛው በሽቦ ታስሯልና የሚጠብቀው አልነበረም።

«ኧረ!» አለ፤ እጁንም አራገፈ። ስናየው በጣቱ ጫፍ ላይ የእሾህ መውጊያ የምታህል ነጥብ ናት። ደም እንኳ አንድ ጠብታ። ሳቅን። እሱም ሳቀ። አረቄ አፈሰስንበትና ሥራችንን ቀጠልን። ማታ ጣቱ አበጠ፤ ሲነጋ እስከ እጁ መዳፍ ደረሰ፤ በሁለተኛው ቀን ጠቆረ። ያን ጊዜ ነው ሐኪም ዘንድ የወሰድነው፤ ከዚያም ወደ ደሴ ተላከ። ያን ሁሉ መንገድ በአቀስታ በኩል በአውቶቡስ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ተጓዘ። ከጣቱ ሁለት አንጓ ተቆረጠ።

ሐኪሙ የነገረንን እንዳለ እንንገራችሁ። ከ150 ባር ግፊት የሚወጣ ውሃ ከጫፉ ላይ በሰከንድ 170 ሜትር ያህል፣ ማለት በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል። ቆዳን ለመብሳት 7 ባር እንኳ ሊበቃው ይችላል። ቀዳዳው ትንሽ ነው፤ ውሃው ግን ሳሙናውን፣ ዘይቱንና ጭቃውን ይዞ በጅማቱ መንገድ ወደ ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ ብዙም ስለማያም ሰው ይታለላል። ቁስሉ ከውጭ የሚታጠብ ሳይሆን በቀዶ ጥገና ተከፍቶ መጽዳት ያለበት ነው፤ ያውም ቀን ሳያድር በሰዓታት ውስጥ። «በዕለቱ ብታመጡት ጣቱ የመትረፍ ዕድል ነበረው» አለን።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶበት የምታዩት ሰው ቢኖር፣ ነጥቧ የቱን ያህል ብታንስ፣ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ አድርሱት። ስትደርሱም «ተወጋ» አትበሉ፤ «የግፊት ውሃ ቆዳውን በሳው» በሉ። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

የቅሬያችን ደንብ ለቀብር እንጂ ለጣት አይልም። ይሁን እንጂ በዚያ ሳምንት ሼሁም ቄሱም ቤት ለቤት ዞረው ለመጓጓዣና ለመድኃኒት ያዋጡለትን እኛ አንረሳውም። በኮሚቴው መዝገብ ላይ «ልዩ ወጪ» ተብሎ ተጽፏል።

ከዚያ ወዲህ ሽቦ የለም። ጫፉን የሚነካ ሰው በቅድሚያ ሞተሩን ያጠፋል፤ ከዚያ መጫኛውን ተጭኖ በጎማው ውስጥ የቀረውን ግፊት ያስተነፍሳል፤ ከዚያ ነው የሚፈታው። ቦት ጫማና መነጽር ግዴታ ነው። ቀዩ ጫፍ በሣጥን ተቆልፎበታል። ቁልፉ ያለው በዚያው ልጅ ዘንድ ነው፤ አሁን ሒሳብ ያዣችንም እሱ ነው።

የጎረቤቶቻችንን አቤቱታም ማንሣት አለብን፤ አቤት ባዮቹ ከፊታችን ተቀምጠዋልና። የምናጥብበት ውሃ ዘይቱንና ሳሙናውን ይዞ በቦዩ ቁልቁል ይወርድ ነበር። ከታች ከብት ይጠጣል፤ ልብስ ይታጠባል። እናቶች ሲናገሩን «ውሃ ነው እኮ፣ ምን ይጎዳል» አልን። የቅሬው ዳኛ ባይጠሩን ኖሮ ነገሩ ወደ ጠብ ነበር የሚሄደው። ሕጉንም ያን ጊዜ ነው የሰማነው፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ አለ። አዲስ አበባም በ2017 ዓ.ም ወንዝ የሚበክሉትን የሚቀጣ ደንብ አውጥታለች። የእኛ አገር ውሃ ደግሞ ወርዶ ወርዶ ማረፊያው ዓባይ ነው።

በተከታታይ ሦስት ጉድጓድ ቆፈርን። በመጀመሪያው ጭቃው ይዘቅጣል። ወደ ሁለተኛው ተሻግሮ ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል፤ መውጫው ቱቦ ወደ ታች የታጠፈ ስለሆነ የሚያልፈው ከሥር ያለው ውሃ ብቻ ነው። ሦስተኛው ጠጠር ነው። ጭቃውን በየሳምንቱ እናወጣለን፤ ዘይቱን እየቀዳን በበርሜል እናጠራቅማለን። ሳሙናውን ግን ጉድጓዱ አያስቀረውም፤ ይህን አንዋሻችሁም። ያደረግነው መጠኑን መቀነስ ነው፤ ዋልካው በቂ ጊዜ ሲሰጠው ከበፊቱ ሳሙና ግማሹ ይበቃል።

ስለ ገንዘቡ ባጭሩ። በመጀመሪያው ዓመት የቀኑን ገቢ ማታ ማታ እንካፈል ነበር። ፓምፑ ሲሞት ሣጥኑ ባዶ ነበር። ከዚያ በኋላ ከእያንዳንዱ 10 ብር ላይ 2 ብር የማሽኑ ሆነ፤ እንደ አንድ አባል ቆጠርነው። በ2012 ዓ.ም በኮሮና ምክንያት ተሽከርካሪ ሲቆም፣ በ2014 ዓ.ም ደሴ በጦርነቱ ተይዛ መንገድ ሲቋረጥ፣ ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮም በክልላችን በተነሣው ግጭት መንገድ የሚዘጋበትና ቤንዚን የሚጠፋበት ቀን ሲበዛ፣ ያቆየን ያ ሣጥን ነው። ያም ሆኖ ከአምስታችን ሁለቱ ወጥተዋል። አልፈረድንባቸውም።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችሁ። ቅሬው ማሽኑን ለድንኳኑ ብሎ የሚገዛ ከሆነ አይግዛ እንላለን። ድንኳን፣ ምንጣፍና ድስት ግፊት አይፈልጉም። ለኪራይ ከሆነ ደግሞ ማሽኑ ያለ ሠራተኛው መውጣት የለበትም። ዛሬ አንዱ ቤት፣ ነገ ሌላው ቤት ልጆች ሲቀባበሉት ይውላል፤ ነጥቧን የሚያውቃት ሰው በአጠገባቸው ላይኖር ይችላል። የቅሬ ገንዘብ ለቀባሪ የተዋጣ ነው፤ ቀብር በሚያመጣ ነገር ላይ ባይውል ደስ ይለናል። ይህን ስንል ገበያችንን ለመጠበቅ ነው የሚለን ይኖራል፤ ጥቂት እውነት አለበት፤ ግን ጣቱን እዩት።

ድንኳኑ የሚሻግተው በማጠብ ጉድለት አይደለም፤ እርጥቡን ስለምናጥፈው ነው። ከለቅሶ በኋላ ተዘርግቶ ሳይደርቅ ወደ መጋዘን ባይገባ ችግሩ ግማሹ ያልቃል። ተቀማጩ ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ እኛ ያበላሸነው የድንኳኑ ጣሪያ በአዲስ ሸራ ቢለወጥ ይሻላል፤ የስፌቱን ዋጋ እኛ ሦስታችን እንችላለን። አሮጌውን በተመለከተ የፊታችን ቅዳሜ ጧት ከስብሰባ ቦታችን ፊት ለፊት እንዘረጋዋለን። በለስላሳ ብሩሽና በቀዝቃዛ ውሃ፣ በእጅ ነው የሚታጠበው። ብሩሽ ያለው ይዞ ይምጣ፤ ሳሙናውና ውሃው ከእኛ ነው።